ኀዘን የተከለከለበት አገር

የሰው ልጅ ኀዘንን ከደጁ ለማራቅ ሲደክም ከጥንት ጀምሮ ሁለት መንገድ ይዟል። አንደኛው የኀዘኑን ምክንያት መዋጋት ነው፤ ሐኪም ቤት የሚሠራው፣ ጎተራ የሚሞላው፣ ዕርቅ የሚወርደው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ግን ምክንያቱን እንዳለ ትቶ ሰውየው እንዳያዝን ማድረግ ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ እስከ መጨረሻው ቢሄዱበት ወዴት ያደርሳል ብለው የጠየቁ ደራስያን በ20ኛው መቶ ዓመት ተነሥተዋል። ከነርሱም ድርሰት መካከል ወጣቶች አብዝተው ከሚያነቧቸው አንዱ አሜሪካዊቱ ሎይስ ላውሪ በ1985 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1993) ያሳተሙት «ሰጪው» የተባለው ልብ ወለድ ነው።

የዚህን መጽሐፍ ነገር የምናነሣው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ወሬ ለማውራት አይደለም። ሰውን ኀዘን የመከልከል ሥራ በልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን በአገራችን ታሪክም ተሞክሯልና፤ ለዚህም ነገር ማስረጃ ከሚሆኑት ስፍራዎች አንዷ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጊንጪ ናት። ወደ እርሷ ከመድረሳችን በፊት ግን መጽሐፉ ምን እንደሚል እንመልከት።

በመጽሐፉ በተነገረው ከተማ ራብ የለም፤ ጦርነት የለም፤ ሥራ ያጣ ሰው የለም። ይህ ሁሉ የተገኘው ግን በዋጋ ነው። ቀለም ሁሉ ጠፍቶ ሰው የሚያየው አንድ ዐይነት መልክ ብቻ ነው፤ ዘፈን አይሰማም፤ በረዶ ለእርሻ አይመችም ተብሎ ቀርቷል፤ ኮረብታም የጭነት መኪና ያዘገያል ተብሎ ተደልድሏል። ቤተ ሰብ በየማታው በገበታ ዙሪያ ተቀምጦ የውሎውን ስሜት በየተራ ይናገራል፤ የተነገረውም ስሜት እዚያው ተመክሮበት ይዘጋል። ልጅ ለአካለ መጠን መድረስ ሲጀምር የሚነሣሣበትን ስሜት የሚያበርድ ክኒን በየቀኑ ይውጣል። በየቤቱ እንደ መዝገበ ቃላትና እንደ ደንብ መጽሐፍ ካሉ ማጣቀሻዎች የተረፈ ንባብ የለም። ዮናስ የተባለው የ12 ዓመት ልጅ ወላጆቹን «ትወዱኛላችሁን?» ብሎ ቢጠይቃቸው ትርጉም የሌለው ቃል ተናገርህ ብለው ይስቁበታል።

ይሁን እንጂ የቀድሞው ዘመን ትዝታ ፈጽሞ አልጠፋም። የከተማው ሹማምንት ምክር ሲቸግራቸው የሚጠይቁት አንድ ሽማግሌ አለ፤ የሕዝቡ ሁሉ ደስታና መከራ በእርሱ ላይ ብቻ ተጭኗል። ዮናስ የዚህ ሽማግሌ ተተኪ ሆኖ ይመረጣል። በመጀመሪያ በበረዶ ላይ መንሸራተትን፣ ቀጥሎ የፀሐይን ሙቀት፣ በኋላም የጦር ሜዳን ሥቃይ ይቀበላል። አንድ ቀንም አባቱ በሥራው ላይ ሳለ የተቀረጸውን ሥዕል ያያል። መንታ ሆነው ከተወለዱት ሕፃናት ትንሹን አባቱ በመርፌ ወግቶ ይገድለዋል፤ በዚያ ከተማ ቋንቋ ይህ «ማሰናበት» ይባላል። እኛ ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠን ይህ ስፍራ ነው። አባትየው ጨካኝ አይደለምና፤ ሕፃኑን በለሰለሰ ድምፅ እያነጋገረ ነው የሚወጋው። ሞት ምን እንደ ሆነ የሚነግረው ኀዘን አስቀድሞ ተወስዶበታል።

ይህ ዐይነቱ ድርሰት በላውሪ አልተጀመረም። የመርከብ መሐንዲስ የነበሩት ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በኋላ «እኛ» የሚል ልብ ወለድ ጻፉ። በዚያ አገር ሰው በስም ፈንታ በቁጥር ይጠራል፤ ሐሳብ የሚያፈልቀውም የአእምሮ ክፍል በሕክምና ይጠፋል። መጽሐፉ በ1924 በእንግሊዝኛ ኒውዮርክ ታተመ፤ በደራሲው አገር ግን እስከ 1988 ድረስ ሳይታተም ቆየ። ቀጥሎም እንግሊዛዊው አልደስ ሃክስሊ በ1932 ያወጡት መጽሐፍ፣ ስሙ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «ዕፁብ አዲስ ዓለም» እንደ ማለት ነው፤ በዚያ ደግሞ ሰው ቅር ባለው ጊዜ ክኒን ውጦ ይረሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም መገጣጠም አለ። የሃክስሊ መጽሐፍ በወጣበት ሰሞን፣ በ1925 ዓ.ም.፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም «አዲስ ዓለም» የሚል ልብ ወለድ አሳተሙ። (ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው የነበረችው አዲስ ዓለም በዚሁ በአምቦ መንገድ፣ ከጊንጪ በፊት መገኘቷ ሌላ ጨዋታ ነው።) የብላቴን ጌታ ሰው አወቀ ፈረንሳይ አገር ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር ከሚያጣሉት ነገሮች አንዱ የለቅሶና የተዝካር ልማድ ነው። ደረት መምታቱ፣ ለድግሱ ሲባል ጥሪትን መጨረሱ አይገባም ይላል። ነገር ግን ሙታን ይረሱ አላለም፤ የኀዘን አገላለጥ ይታረም አለ እንጂ። ልማድን ማረም አንድ ነገር ነው፤ ኀዘንን መከልከል ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ሳንይዝ ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ልንመዝነው አንችልም።

የመጀመሪያው መከልከል የመጣው ከባዕድ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱት እልቂት የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን ከእልቂቱ በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ማዘዙን ነው። ምክንያቱ የጣሊያን መንግሥት አይቆይም የሚል ወሬ በሕዝቡ ውስጥ ይነዛሉ የሚል ነበር። መሣሪያ የያዘ ጦር ማሲንቆ የያዘ ሰው ለምን ያስፈራዋል? አዝማሪው የሕዝቡን ስሜት በቃል ስለሚያስረው፣ የታሰረውም ቃል ከአፍ ወደ አፍ ስለሚሄድ ነው። ትእዛዙ ግን የታሰበለትን አላደረገም። በከተማ ዘፋኙ ቢገደል በጅባትና ሜጫ ዱር ፉከራውና ገራርሳው ቀጠለ፤ ገና በ15 ዓመታቸው ገደማ ዱር የገቡት፣ በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑት ጃገማ ኬሎ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው።

ሁለተኛው መከልከል ከገዛ ቤታችን የወጣ ስለ ሆነ ይመርራል። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰበሩ፤ ቀይ ሽብርም በይፋ ተፋፋመ። በዚያ ዓመትና በተከታዩ የተገደሉ ወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ይጣል ነበር፤ በላያቸውም ጽሑፍ ይለጠፍባቸው ነበር። ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ ከአንዳንዶቹም የጥይቱ ዋጋ ተጠየቀ።

የዚህን ክልከላ ክብደት ለማወቅ ለቅሶ በእኛ ዘንድ ምን እንደ ሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ለቅሶ በአገራችን የአንድ ሰው ዕንባ ብቻ አይደለም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ አልቃሽ የሟቹን ስም፣ ዘርና ሥራ እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች፤ ሩቅ ያለው ዘመድ ዘግይቶም ቢሆን መጥቶ «ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። ሦስተኛው ቀን፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ይቈጠራል። ሰው የሟቹን የሕይወት ታሪክ አሟልቶ የሚሰማው ብዙ ጊዜ በለቅሶ ቤት ነው፤ ስለዚህም ለቅሶ ጽሕፈት የማያውቅ ሰው እንኳ የሚያነበው የታሪክ መዝገብ ነው። ደርግ የከለከለው ይህንን ነው። ሟቹ «ፀረ አብዮት» ተብሎ ሲጻፍበት፣ «ልጄ እንዲህ ያለ ነበር» የሚል ሌላ ታሪክ በአደባባይ እንዳይነገር ነው። ብዙ እናቶች በር ዘግተው ድምፃቸውን አፍነው አለቀሱ።

በዚያ ዘመን ጸሐፊም ቢሆን አልተረፈም። በማስታወቂያ ሚኒስቴር የሠሩት በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተሙ፤ መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጡ ቀሩ። በድርሰቱ ውስጥ በዘመቻው ግርግር መካከል ሰው ሲዋደድና ሲያዝን ይታያል፤ መፈክር ብቻ እንዲሰማ ለሚፈልግ መንግሥት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የተከለከለው ለቅሶ ግን ቀረ ማለት አልነበረም፤ ዘገየ እንጂ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የጅምላ መቃብሮች ተቈፈሩ፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተረሸኑት ባለ ሥልጣኖች ዐፅም በ1984 ዓ.ም. በክብር ዐረፈ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የቀብር ሥርዓት ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ተፈጸመ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ተከፈተ፤ ከፊቱ የቆመውም የሚያዝኑ ሴቶች ሐውልት ነው። እናቶች በአደባባይ እንዳያለቅሱ የተከለከሉባት ከተማ ልቅሷቸውን በሐውልት አቆመች።

አሁን ወደ ጊንጪ እንመለስ። ጊንጪ በደንዲ ወረዳ፣ የአዋሽ ወንዝ ከሚነሣበት አገር አጠገብ ናት፤ ከከተማዋ በስተ ሰሜን የጭልሞ ደን አለ። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ተማሪዎች ሰልፍ የወጡት የኳስ ሜዳቸው ተላልፎ ይሰጣል፣ ደኑም ይመነጠራል በሚል ነበር። ከዚያ ነገሩ ሰፍቶ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ወደ መቃወም ዞረ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. መቅረቱ ተነገረ፤ በመካከሉ ግን ብዙ ሕይወት ጠፋ። ነሐሴ 15 ቀን በዚያው ዓመት፣ ከጊንጪ በስተ ሰሜን ባለው በጀልዱ የተወለደው ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ አሳየ። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ብዙ ሰው ሲሞት መንግሥት የ3 ቀን ብሔራዊ ኀዘን ዐወጀ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ መመሪያ እጅን ከራስ በላይ ማጣመር ተከለከለ።

ይህን ከቀይ ሽብር ጋር እኩል አድርገን አንመዝነውም፤ ዐዋጁም በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተነሥቷል፤ ፈይሳም በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። ነገር ግን በአንድ ወር ውስጥ ኀዘንን በዐዋጅ ማዘዝና የብሶትን ምልክት በመመሪያ መከልከል አንድ ላይ መታየታቸው የላውሪን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሳያስተውለው አያልፍም። በዮናስ ከተማም ስሜት የሚነገረው በታዘዘበት ሰዓትና በታዘዘበት ገበታ ነውና።

በአሜሪካ አንዳንድ ወላጆች ይህ መጽሐፍ ለልጆች ይከብዳል፣ ከትምህርት ቤት ይውጣ ብለው ደጋግመው ጠይቀዋል፤ በሕፃኑ ሞት ምክንያት ከሆነ ስጋታቸውን እንረዳለን። ደራሲዋ ግን መጽሐፉ የተፀነሰበትን ምክንያት ተናግረዋል። በስተ እርጅና አባታቸው የማስታወስ ኀይላቸው እየደከመ ሄዶ በወጣትነቷ የሞተችውን ልጃቸውን ሞት ዘነጉ፤ «ሄለን የት አለች?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሲነገራቸው እንደ አዲስ ያዝናሉ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ይረሱታል። የሚያሳምመውን ሁሉ መርሳት ቢቻል ይሻል ይሆን ብለው ላውሪ የጠየቁት ያን ጊዜ ነው። መልሳቸውም በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ትዝታን የተሸከመው ሰው ከከተማው ቢለይ ትዝታው አብሮት አይጠፋም፤ ተመልሶ በሕዝቡ ሁሉ ላይ ያድራል።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. ሕፃናት የነበሩ የጊንጪ ልጆች ዛሬ ይህን መጽሐፍ ለማንበብ በሚበቃ ዕድሜ ላይ ናቸው። ያን ቀን ታላላቆቻቸው ስለ የትኛው ሜዳ እንደ ወጡ ቢጠይቁ የሚነግራቸው ሰው ብዙ ነው። በዮናስ ከተማ ኮረብታ ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር።