ሸኖ ሜዳ ላይ ያጉረመረመችው ላንድክሩዘር

መኪናይቱ 80 እስክትገባ ድረስ ምንም የለባትም። 80 ላይ ስትደርስ ከመቀመጫው ሥር ማጉረምረም ይጀምራል፤ የማርሹ ዘንግ ይነዝራል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለ ሳንቲም እየተራመደ ይወድቃል። አጎቴ መዳፉን ማርሹ ላይ አሳርፎ ትንሽ አዳመጠና «ይቺ ልጅ ታማብናለች» አለኝ። ከደብረ ብርሃን ተነስተን ሸኖ ሜዳ ላይ ነበርን።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

መኪናይቱ የድሮ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 ማውጣት ከጀመረው ከ70 ሞዴል ዘር። ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበ የብረት ሞላ። አጎቴ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት እህል ይጭንባታል። ክረምቱ ሲወጣ የጎማው መሄጃ ይሰረጉዳል፣ መሃሉ ጎብጦ ይቀራል፤ ያኔ የኋላ ዲፈረንሻሏ ሆድ ድንጋይ እየነካ ያስቸግራል። «ባሌስትራ አስጨምረን ከፍ እናድርጋት» ያልኩት እኔ ነኝ። አጎቴ አመነኝ።

10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለች። ቆማ ስትታይ ታምር ነበር። የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦ ተወጥሮ ስላገኘነው ረጅም ቀየርን። ስለ ትራንስሚሽኑ፣ ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ ስለሚሄደው ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ግን ማንም አላነሳም።

ሸኖ ላይ ማጉረምረሟን ስንሰማ አንድ ወጣት መካኒክ ጋ ወሰድናት። ከሥር ገብቶ አየና «ትራንስሚሽኑ በጣም ተዳፍቷል፤ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ቀና ብናደርገው ይስተካከላል» አለ። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል 4 ዲግሪ የሆነ የብረት ሽብልቅ አስገባ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ እኔም ትክክል መስሎኝ ነበር። ስንወጣ ግን ከ60 ጀምሮ መንዘር ጀመረች።

ያኔ ነው ወደ ሽማግሌው መካኒክ የሄድነው። ጋሼ ነው የምንለው፤ ያገር ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው። መጀመሪያ ከመኪናይቱ ሥር አልገባም። «ምኗ ነው ድንጋይ የሚነካው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ዲፈረንሻሏ ነው፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ባሌስትራ ከዲፈረንሻል በላይ ያለውን ነው የሚያነሳው። ሻንሲውን፣ ሳጥኑን፣ አንተን ያነሳል። ዲፈረንሻሉን የተሸከመው ጎማው ነው። 5 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጎማ ብታስገባ፣ ዲፈረንሻሉ 2 ተኩል ይነሳልሃል። 20 ባሌስትራ ብትደረድር ግን ከቦታው አይነቃነቅም።»

አጎቴ ዞሮ አየኝ። ምንም አላለም።

ጋሼ መኪናይቱን ከተለመደው ጭነቷ ጋር ደልዳላ ቦታ ላይ አስቆማት። ከመሣሪያ ሳጥኑ የተማሪ ፕሮትራክተር አወጣ፤ መሃሉ ላይ ክር፣ ክሩ ጫፍ ላይ ዳዶ ታስሯል። የአናጢ ቱምቢ ማለት ነው፣ ዲግሪ የሚያነብ ቱምቢ። ሦስት ቦታ ለካ፤ ትራንስሚሽኑ ከካምቢዮው በኩል የሚወጣበትን ፍላንጅ፣ ትራንስሚሽኑን ራሱን፣ ከዚያ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ። ጎማው ላይ በጠመኔ ጻፈ፦ 4፣ 12፣ 8።

«ከ12 ላይ 4 ስትቀንስ 8። ይህ የላይኛው ክሮቼራ የታጠፈበት ነው። ከ12 ላይ 8 ስትቀንስ 4። ይህ የታችኛው። 8 እና 4። እነዚህ ሁለቱ ተጣልተዋል።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም እኔ ያልገባኝ ይህ ነበር። ክሮቼራ በጣልያንኛ ከመስቀል የመጣ ስም ነው፤ አራት ክንድ ያለው ትንሽ መስቀል፣ በየክንዱ ጫፍ በመርፌ የሚሽከረከር ኩሽኔታ። ጣልያኖቹ እስካሁን ካርዳኖ ይሉታል፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ሰው በጄሮላሞ ካርዳኖ ስም። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክም እ.ኤ.አ. በ1676 ስለ እሱ ጽፏል። ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር አንድ ባሕርይ አለው፦ በአንዱ በኩል እኩል ብታዞረውም በሌላው በኩል እኩል አይዞርም። በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። ጋሼ ከጥግ አሮጌ ትራንስሚሽን ጎትቶ ጫፉን አጥፎ «ቀስ አድርገህ አዙር» አለኝ። መዳፌ ላይ ተሰማኝ፤ ይሄዳል፣ ያዝ ያደርጋል፣ ይሄዳል፣ ያዝ ያደርጋል።

ታዲያ መኪና ለምን አይንገጫገጭም? ሁለት ክሮቼራ ስላላት ነዋ። አንደኛው ያፈጠነውን ሁለተኛው መልሶ ያዘገየዋል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ እኩል ሲታጠፉና ክሮቼራዎቹን የያዙት የትራንስሚሽኑ ሁለት ሹካዎች በአንድ መስመር ሲሆኑ ብቻ ነው። ላንድክሩዘራችንን ፋብሪካው ሁለቱንም ጫፍ ትይዩ አድርጎ ሠርቷት ነበር። ከፍ ስናደርጋትም ትይዩነታቸው አልጠፋም ነበር፤ ሁለቱም እኩል ታጠፉ እንጂ። ሽብልቁ ነው ያጣላቸው።

ያ ወጣት መካኒክ ከባዶ አልተነሳም። ከላይ በኩል ድርብ ክሮቼራ ያላቸው መኪናዎች አሉ፤ እነሱ ላይ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቀጥ ብሎ ትራንስሚሽኑን እንዲያይ ይደረጋል። «ያ የነሱ ሕግ ነው፤ የዚች አይደለም» አለ ጋሼ፣ ያለ ቁጣ።

«ታዲያ ሽብልቁ ከመግባቱ በፊት ለምን ነዘረች?» አለ አጎቴ።

ጋሼ ጠመኔውን አነሳ። የትራንስሚሽኑ ርዝመት 120 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ድሮ ጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይል ነበር፤ ክሮቼራው የታጠፈው 3 ዲግሪ ነው። 10 ስንጨምር 25 ሆነ፣ ክሮቼራው 8 ዲግሪ ታጠፈ። ቤት ገብቼ አሰላሁት፦ እጥፋቱ ሦስት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ፣ ያ መፍጠንና መዘግየት ሰባት እጥፍ ያድጋል። ጫፎቹ ቢጣጣሙም ከመሃል ያለው ቱቦ ራሱ እየተመታ ነው የሚዞረው። በ80 ስንሄድ ደግሞ በደቂቃ ወደ 2,200 ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ዙር ሁለት ምት አለው።

አጭር ትራንስሚሽን ያለው መኪና ላይ ይብሳል። ርዝመቱ ግማሽ ሆኖ ያንኑ ያህል ከፍ ብትል የሚጨመረው እጥፋት እጥፍ ያህል ይሆናል።

ከዚያ ያስደነገጠኝ መጣ። ጋሼ ሻንሲዋን በክሪክ አንስቶ የኋላ ጎማዎቹን አንጠለጠላቸው። ትራንስሚሽኑ ላይ ገባ ወጣ የሚል ጥርሳም እጅጌ አለ፤ አክስሉ ሲወርድ ይረዝማል፣ ሲወጣ ያጥራል። ጎማው ሲንጠለጠል ውስጥ የቀረው ጥርስ ሁለት ጣት ብቻ ነበር። አንድ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ጎማ ሲሰምጥ፣ ጭነት ይዛ፣ ቁልቁለት ላይ ቢወጣስ። አጎቴ የአልዩ አምባን መንገድ እያሰበ መሆኑን ፊቱ ላይ አየሁት።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ሽብልቁ ወጣ። ከተጨመረው ባሌስትራ ከፊሉ ወጥቶ ከፍታው 5 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ እጥፋቱ ላይም ታችም ወደ 5 ተኩል ወረደ። ጨርሶ 3 እንዲሆን ጠይቄው ነበር። «ከፍታ ትፈልጋለህ፣ ዋጋውን ክፈል» አለኝ፤ «ዜሮ ደግሞ አትመኝ፣ መርፌዎቹ ካልተንከባለሉ አንድ ቦታ ላይ ብረቱን ይበሉታል።» የድሮው ክሮቼራ ሲፈታ ክንዶቹ ላይ መርፌው የሰመጠበት ስንጥቅ የመሰለ መስመር ነበር፤ ሁለቱንም ቀየርን። ትራንስሚሽኑ ቶርኖ ቤት ሄዶ ቱቦው 2 ሳንቲ ሜትር ረዝሞ፣ ሚዛኑ ተስተካክሎ ተመለሰ። ጋሼ አንዴ አንጠልጥሎ፣ አንዴ ሙሉ ጭነት አስጭኖ እጅጌውን ለካ፤ ሲንጠለጠል እንዳይወጣ፣ ሲጫን እንዳይገጭ።

ከመፍታቱ በፊት እጅጌውና ቱቦው ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አስምሮ ነበር። ሲገጥም አንዲት ጥርስ ብትዛነፍ ሹካዎቹ መስመር ይስታሉና። መስመሩን በጣቱ አሳየኝና «ይህን አትርሳ» አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማሽላ ጭነን ወረድን። ሸኖ ላይ አጎቴ 80 ገብቶ እጁን ማርሹ ላይ አሳረፈ፣ 90 ገባ፣ እጁን አነሳ። አልዩ አምባ ስንደርስ ጭነቱ ሳይራገፍ ምንጣፍ አንጥፌ ከሥር ገባሁ። ጭቃውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። ነጩ መስመር ቀጥ እንዳለ ነው።