አህያዋ፣ ወንዙና አምባሰል

የወሎውን የከላላ ገበያ ለሚያውቅ ሰው «የአህያ ኮቴ ሙዚቃ ነው» ቢሉት ይስቃል። እህል የተጫነች አህያ ቁልቁለቱን ስትወርድ ማን ቆሞ ያዳምጣታል? አሜሪካዊው ፈርዲ ግሮፌ ግን አዳመጠ። እ.ኤ.አ. በ1931 በፖል ዋይትማን መሪነት ቺካጎ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው «ግራንድ ካንየን ስዊት» አምስት ክፍሎች አሉት፦ ጎህ፣ ባለ ቀለሙ በረሃ፣ የገደሉ መንገድ፣ የጀንበር መጥለቅና ዶፍ ዝናብ። ስዊት ማለት እንዲህ በአንድ ርእስ ሥር የተሰደሩ አጫጭር የሙዚቃ ክፍሎች ናቸው። በሦስተኛው ክፍል ኦርኬስትራው እንደ አህያ ያናፋል፤ ኮቴዋን የኮኮናት ቅርፊት እያጋጩ ያሰሙታል። ዶፉ ለእኔ ጩኸት ይበዛበታል። አህያዋን ግን አንዴ የሰማ አይረሳትም።

በዚያው ዓመት ጥር ወር ኒውዮርክ ላይ ሌላ የቦታ ሙዚቃ ተሰምቶ ነበር፤ የቻርልስ አይቭስ «ሦስት ቦታዎች በኒው ኢንግላንድ»። አይቭስ በሙያው የኢንሹራንስ ሰው ነው፤ ሙዚቃውን የሚጽፈው ከሥራ በተረፈው ጊዜ ነበር። አንደኛው ቦታ ቦስተን ውስጥ ለጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦርና ለአዛዣቸው የቆመው ሐውልት ነው። ሁለተኛው በኮነቲከት የአሜሪካ አብዮት ጦር የከረመበት ሰፈር ሲሆን፣ ሁለት የማርሽ ባንዶች በየራሳቸው ፍጥነት እየተጫወቱ ይጋጩበታል። ሦስተኛው ወንዝ ነው። አይቭስ ከአዲስ ሙሽራው ጋር በወንዙ ዳር ሲሄድ፣ ጉም ውሃውን ሸፍኖት፣ ከማዶ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይሰማ ነበር። ግሮፌ ያየውን ሣለ፤ አይቭስ ደግሞ በቦታው ላይ የቀረውን ድምፅ አስታወሰ።

ለምዕራብ ወሎ ደጋ የሚቀርበው አይቭስ ይመስለኛል። ንጋት ላይ ከአንዱ ጋራ አዛን፣ ከሌላው ቅዳሴ ሲሰማ፣ ሁለቱ በአንድ ምት አይሄዱም፤ ሆኖም ሸለቆው ሁለቱንም አንድ ላይ ያመጣቸዋል። በዚህ በኩል ስዊት የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ቦታ አይቸግረውም። የደንቆሮ ጫካ ከነጭላዳዎቹ አለለት፤ የዓባይ በረሃ አለለት። መቅደላም አለችለት፤ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሠዉባት። የምፈራው መቅደላን በመድፍና በከበሮ ብቻ እንዳይሞላት ነው።

ወሎ ግን ቦታን ሙዚቃ ውስጥ ያስገባው ኦርኬስትራ ሳይጠብቅ ነው። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የቦታ ስም ናቸው፤ አንዱ የሰኞ ገበያዋ ስመ ጥር የሆነ ከተማ፣ ሌላው ተራራ። ሁለቱም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ባቲ ከመነሻው በሰፊ እርምጃ ይጀምራል። አምባሰል በግማሽ ድምፅ ጠበብ ብሎ ይነሣና ወዲያው ይዘላል። እዚህ ላይ «ጠባቡ የገደሉ መውጫ፣ ዝላዩ አፋፉ ነው» ለማለት ያጓጓል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ቃጥቶኛል። ግን አይሆንም። ቅኝት ሥዕል አይደለም። ግሮፌ አህያዋን ሲያናፋት ሌላ ነገር ልትሆን አትችልም፤ በአምባሰል ግን ፍቅርም፣ ሙሾም፣ ታሪክም ይዘፈናል።

የቅኝቶቹን ነገር በወረቀት ካሰፈሩት አንዱ አሸናፊ ከበደ ነው። ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን መሠረተ፤ ለኦርኬስትራም ጻፈ። የዶክትሬት ጥናቱን በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ የሠራው ደግሞ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም በአይቭስ አገር በኮነቲከት ነው። ከእሱ በኋላ ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ «አምባሰል»ን ለፒያኖ አዘጋጅቶ በአሜሪካ ሸክላ አሳተመ።

ከሁሉ የምትገርመኝ ግን ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናት። ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ኮንቶሮቪች የተማረችው የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ በ19 ዓመቷ አምባሰል ውስጥ ወዳለችው ግሸን ማርያም ወጣች። መስቀል በሚመስለው አምባ ላይ ጫማ ሳታደርግ 10 ዓመት ኖረች። በኋላ የጻፈቻቸውን የፒያኖ ሥራዎች ስም ልብ በሉ፦ ጎልጎታ፣ ጌቴሴማኒ፣ የዮርዳኖስ ወንዝ። የቅዱሳን ቦታዎች ስዊት ብንላቸው ማን ይከራከረናል? እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመቷ ያረፈችውም እዚያው ኢየሩሳሌም ነው። ዮርዳኖስን ስሰማ ወንዙ አይታየኝም። ውሃ የሚኮርጅ ጣት የለም፤ ቀኝ እጇ ሐበሻ እንደሚያንጎራጉረው ድምፁን እያጠፈች ትሄዳለች።

ወደ ወሎ ስንመለስ፣ መካነ ሰላም ላይ ክራር የያዘ ሰው «አምባሰል ቃኝልን» ቢባል፣ ከሁሉ በፊት ጆሮውን ወደ ክሩ ያስጠጋል። አንዱን ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል፣ ደግሞ ይሞክራል። ከዚያ ስለቀረችበት ሰው ይዘፍናል፤ ተራራውን በስም አያነሣውም።