ከጎማ ክምር እስከ ኮራል ችግኝ
በፍሎሪዳ ጠረፍ የኮራል ቋጥኝን ለማደስ የተደረገው የሃምሳ ዓመት ጥረት

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ከባሕር ውኃ ካልሲየም እየወሰደ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይገነባል፤ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተነባበረ በብዙ ሺህ ዓመታት ቋጥኝ ይሆናል። ይህ ቋጥኝ ለዓሣ መጠለያ ከመሆኑም በላይ የማዕበሉን ኃይል ሰብሮ የባሕሩን ዳር ስለሚጠብቅ፣ ለእኛ ሙያ እንግዳ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ሰዎች ይህንን የተፈጥሮ ሕንፃ ለመምሰል፣ ኋላም ለማደስ ያደረጉት ጥረት የመሐንዲሶች እጅ ያለበት ስለሆነ ታሪኩን ባልደረቦቼ ቢያውቁት ይጠቅማል እላለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1972 በፎርት ላውደርዴል ከተማ ፊት ለፊት፣ ከባሕሩ ዳር 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 20 ሜትር በሚሆን ጥልቀት ላይ ያገለገሉ የመኪና ጎማዎች መጣል ጀመሩ። ቦታው የኦዝቦርን ቋጥኝ ይባላል። ሐሳቡ በጊዜው ብልኅ ይመስል ነበር፤ በየሜዳው ለተከመረው አሮጌ ጎማ መጣያ ይገኛል፣ ለዓሣና ለኮራልም ማደሪያ ይሆናል ተባለ። የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ደገፈው። ከመቶ የሚበልጡ የግል ጀልባዎች በሥራው ተሰለፉ። የጉድይር ኩባንያም በአየር መርከቡ ወርቅ የተቀባ ጎማ ከሰማይ ጥሎ ሥራውን መረቀ። በመጨረሻው የተጣለው ጎማ እስከ 2 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል።

ጎማዎቹ በናይሎን ማሰሪያና በብረት ማያያዣ በነዶ በነዶ ታስረው ነበር። ብረቱ በጨው ውኃ ዛገ፤ ማሰሪያውም ተበጠሰ። የጎማ እፍጋት ከባሕር ውኃ እፍጋት የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ በውኃ ውስጥ ያለው ክብደት እጅግ አነስተኛ ነው፤ ማዕበል ሲነሣ የተፈታው ጎማ ከባሕሩ ወለል ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል። በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ደግሞ ኮራል ሊያድግ አይችልም። ይህም ሳይበቃ፣ ጎማው በአቅራቢያው ያለውን የተፈጥሮ ቋጥኝ እየመታ ሕያው የነበረውን ኮራል ይፍቅ ጀመር። ዝገትና የማዕበል ኃይል በ1972 ያልታወቁ ነገሮች አልነበሩም። እኔ እንደሚመስለኝ የስሌቱ መነሻ «ኮራል ምን ይፈልጋል?» የሚለው ሳይሆን «ይህን ጎማ የት እንጣለው?» የሚለው ነበር። ሥራውን ካስጀመሩት አንዱ፣ የውቅያኖስ ምሕንድስና ፕሮፌሰር ሬይ ማክአሊስተር፣ በ2007 ሐሳቡ መጥፎ እንደነበረ በይፋ ተናግረዋል፤ እንዲህ ያለ ቃል ከሙያ ሰው አፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አንሰማም።

ማውጣቱ ከመጣሉ ይልቅ ከባድ ሆነ። በ2001 የኖቫ ሳውዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲዋ ሮቢን ሸርማን በመንግሥት ርዳታ 1,600 ጎማ ያህል አስወጡ። ከ2007 እስከ 2009 የጦር ሠራዊት ጠላቂ ዋናተኞች ሥራውን እንደ ልምምድ ይዘው 73,000 ገደማ አነሡ። ያልወጡ ጎማዎች ግን ዛሬም አሉ።

በዚሁ ጠረፍ፣ ወደ ደቡብ በሚገኙት የፍሎሪዳ ደሴቶች፣ ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። እንደ ቀንድ ቅርንጫፍ የሚያወጣው አክሮፖራ የተባለው ኮራል ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበሽታ ተመናምኗል። ኬን ኔዲማየር የሚባሉ ባሕረተኛ፣ ለገበያ ባሰናዱት ድንጋይ ላይ የዚህ ኮራል ልጅ ራሱ መጥቶ ሲያድግ አዩና ቅርንጫፉን እየቆረጡ ማባዛት ያዙ። በ2007 የኮራል ማደሻ ድርጅት አቋቋሙ። ቁራጮቹ ከባሕሩ ወለል በተሰካ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ይንጠለጠላሉ። ዛፉ ከወለሉ በገመድ ታስሮ በውኃው መካከል ስለሚንሳፈፍ ከማዕበሉ ጋር ይወዛወዛል እንጂ አይታገለውም። ችግኙ ሲጎለምስ በማጣበቂያ ከቋጥኙ ላይ ይተከላል። ንድፉ ያማረ ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ችግኝም ተተክሎበታል። በ2019 መንግሥት ሰባት ታላላቅ ቋጥኞችን ለማደስ ሰፊ ዕቅድ ሲያወጣ የተማመነው በዚሁ ልምድ ነበር።

ንድፉ ማዕበሉን ቻለ፤ ሙቀቱን ግን የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ኮራል ምግቡን የሚያገኘው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ነው። ውኃው ለሳምንታት ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌውን ያስወጣል፣ ነጭ ይሆናል፣ በረኃብም ይሞታል። በሐምሌ 2023 በማናቲ የባሕር ወሽመጥ የተተከለ መለኪያ 38.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መዘገበ። እርግጥ ቦታው ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ እንጂ ቋጥኙ ራሱ አይደለም፤ ቢሆንም በቋጥኞቹ ላይ ያለው ውኃም ያለ ልክ ሞቆ ነበር። ሠራተኞች ከየችግኝ ጣቢያው ያዳኑትን ያህል ይዘው በየብስ ወዳሉ የውኃ ገንዳዎች አሸሹ። በ2025 የወጣው ጥናት እንዳመለከተው በደሴቶቹ አካባቢ ከነበረው አክሮፖራ ከመቶ ዘጠና ሰባት በላይ ሞቷል፤ በዱር የቀረው ዘር የቋጥኝ ግንባታ ተግባሩን ሊወጣ ከማይችልበት ደረጃ ደርሷል።

ወደ ሰሜን፣ ውኃው ቀዝቀዝ በሚልበት በደቡብ ምሥራቅ ፍሎሪዳ ጠረፍ ግን የሞተው ከመቶ ሠላሳ ስምንት ገደማ ነው። ይህ ጠረፍ ፎርት ላውደርዴልን ይጨምራል፤ ጎማው ያለው እዚያው ነው።