የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ በር በኢትዮጵያ

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። ለቁጥሩ ማነስ ዋናው ምክንያት የፈተናው ጥብቅነት ሳይሆን፣ ሁለተኛ ደረጃን የሚያስጨርሱት ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ነበር።

ትምህርት ቤቶች እየተስፋፉ ሲሄዱ ግን ሁኔታው ተለወጠ። «ማትሪክ» በሚል ስም የታወቀው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና፣ አማርኛን፣ እንግሊዝኛንና ሒሳብን ጨምሮ በአምስት የትምህርት ዓይነቶች የተገኘውን ውጤት ይመዝን ነበር። ይሁን እንጂ ማለፍና መግባት አንድ አልነበሩም። በተለይ ከአብዮቱ በኋላ አመልካቹ ሲበዛ፣ የመቁረጫው ነጥብ በአብዛኛው የሚወሰነው በተቋማቱ የመቀበል አቅም ሆነ። ከዚህም የተነሣ ፈተናውን ያለፈ ሁሉ በሩን አላለፈም።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ በመከፈታቸው የቦታው እጥረት ቀለለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ማለፊያው 50 በመቶ ነበር፤ ይህንንም ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም።

እንግዲህ ቀድሞ በሩን ያጠበበው የወንበር ማነስ ሲሆን፣ ኋላ ግን ወንበሩ ሳይጠፋ የሚቀመጥበት ታጣ። አንድ ትምህርት ቤት ከነተማሪዎቹ ሲወድቅ፣ ጥፋቱን በተፈታኙ ስንፍና ብቻ ማመካኘት ፍትሕ አይሆንም። ፈተናው ተማሪውን ብቻ ሳይሆን፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማረውን ሁሉ የሚመዝን ነውና።