አሮጌ ዕቃ በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ

ጥንታዊ ዕቃ ለመፈለግ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ ገበያ የሚወርድ ሰው አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ነጋዴው ያገለገለ ዕቃን የሚገምተው በዕድሜው ሳይሆን በተሠራበት ነገርና ገና በሚሰጠው አገልግሎት መሆኑ ነው።

ይህ ልማድ የራሱ ታሪክ አለው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የጉራጌ አገር በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ ወዲህ፣ ብዙ የጉራጌ ተወላጆች ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ፈለሱ። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው መርካቶም የንግዳቸው ማእከል ሆነ። ከየቤቱ አሮጌ ቆርቆሮና ጠርሙስ የሚሰበስበው ቆራሌው፣ አዲስ ዕቃ ሰጥቶ አሮጌ ልብስ የሚወስደው የልዋጭ ነጋዴ፣ የተጣለውን ጠግኖ መልሶ የሚሸጠው የምናለሽ ተራ ባለሙያ፣ ሁሉም ዕቃን በዚሁ ሚዛን ይለካሉ። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ መገኘቷ፣ ቡታጅራም በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ባሠሩት መንገድ ከዋና ከተማው ጋር መገናኘቷ፣ ሁለቱን ገበያዎች ከመርካቶ ጋር አስተሳሰራቸው። ለመስቀል በዓል ወደ አገሩ የሚመለሰውም ሰው የከተማውን ዕቃ ይዞ ይገባል።

በዕቃው ላይ የተጻፈ ዘመን ደግሞ ፈላጊውን ሊያሳስት ይችላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ጠገራ ብር ነው። በማርያ ቴሬዛ ምስል የተመታው ይህ ገንዘብ ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት ይታይበታል፤ ነገር ግን ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ሳይለወጥ ብዙ ዘመን ተመትቷል፤ በእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ እንኳ በሮምና በሎንዶን ይመታ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ የወረቀት ገንዘብ ከወጣ በኋላ ከመገበያያነት እየራቀ፣ ብዙው በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ ጌጥ ሆነ።

ከብሩ ይልቅ የበለጠ ጉዳት የሚያገኘው የእንጨት ሥራ ነው። በርኩማው፣ ገበታው፣ የእንሰት መፋቂያው በአብዛኛው በአገሩ ልማድ «ፉጋ» እየተባሉ በንቀት የሚጠሩት ጠራቢዎች የእጅ ሥራ ነው። ዊልያም ሻክ በእ.ኤ.አ. 1966 ባሳተመው የጉራጌ ጥናት እንዳስረዳው፣ እነዚህ ሰዎች ለቤት ሥራ እጅግ የሚፈለጉ ሲሆኑ ከመሬት ባለቤትነት ግን የተገለሉ ነበሩ። ርስት የሌለው ሰው ስሙ በርስት ክርክር አይነሣም፤ ስለዚህ የብዙዎቹ ምስክር የእጃቸው ሥራ ብቻ ነው። ዕቃው ከሠሪው መንደር ወጥቶ ሁለትና ሦስት ነጋዴ ካለፈ በኋላ ግን «የጉራጌ ሥራ» ከመባል በቀር የሚነገርለት አይኖርም።

ሕጉም ይህን ለመጠበቅ ዘግይቷል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 ጥንታዊ ብሎ የሚያውቀው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። በምስጥና በእርጥበት የሚጠፋ እንጨት ያን ያህል ዕድሜ ማስቈጠሩ እምብዛም ስለሆነ፣ የጠራቢዎቹ ሥራ አብዛኛው ከወሰኑ ውጭ ቀረ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የዘመኑን ወሰን ትቶ፣ ቅርስን በታሪክ፣ በባህልና በዕደ ጥበብ ዋጋው ተረጐመ፤ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣም ከለከለ።

ሆኖም ክልከላው የዕቃውን አካል እንጂ ከእርሱ ጋር የሚሄደውን እውቀት አያስቀርም። ማን ጠረበው፣ ከየትኛው መንደር መጣ፣ ለምን ያገለግል ነበር የሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት ሻጩ ከባለቤቱ እጅ በተቀበለበት ቀን፣ በገበያው ላይ ነው። ለቤተ መዘክር ዕቃ የሚሰበስብ ተማሪም ከዋጋው በፊት እነዚህን ጠይቆ መጻፍ ይገባዋል።