የባለዕዳውን ጠበቃ ማን ይከፍላል?

በዱቤ የሸጠ ነጋዴ ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ አለው፤ የተበደረው ደሃ ግን ለጠበቃ የሚከፍለው ቢኖረው ኖሮ ቀድሞም ባልተበደረ ነበር። በአሜሪካ ስለ ሸማቾች መብት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተደረገው ሙግት በዚህች እንቆቅልሽ ዙሪያ ሲሽከረከር ኖሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ብዙ ወገኖቻችን በዚያ አገር ቤትም መኪናም በክሬዲት እየገዙ የሚኖሩ ናቸውና ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዋሽንግተን ከተማ ዎከር ቶማስ የተባለ የቤት ዕቃ መደብር ነበር። በውሉ ውስጥ በደቃቅ ፊደል የተቀመጠች አንቀጽ፣ ደንበኛው የሚከፍለው ገንዘብ ባልተከፈሉት ዕቃዎች ሁሉ ላይ እየተሸነሸነ እንዲያዝ ታደርጋለች፤ በመሆኑም የኋለኛው ዕቃ ዕዳ ካላለቀ የፊተኛውም አይለቀቅም። በ1962 አንዲት የሰባት ልጆች እናት 514 ዶላር ከ95 ሳንቲም የሚያወጣ ስቴሪዮ ገዛች። መተዳደሪያዋ በወር 218 ዶላር የመንግሥት ድጎማ እንደሆነ በራሱ በውሉ ጀርባ ተጽፎ ነበር፤ ሻጩ አላውቅም ሊል አይችልም። ስቴሪዮውን ስትገዛ ከቀደሙት ግዢዎች የቀረባት ዕዳ 164 ዶላር ብቻ ነበር፤ በጠቅላላው የከፈለችውም 1400 ዶላር ያህል ነበር። ስቴሪዮውን መክፈል ሲያቅታት ግን መደብሩ ከ1957 ማብቂያ ጀምሮ የገዛችውን ሁሉ ለመውሰድ ከሰሳት። በአገራችን ባለገንዘብና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው የሚውሉበት ዘመን እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል። ይህም ውል ያው ቁራኛ ነበር፤ ሰንሰለቱ ወረቀት ከመሆኑ በቀር።

በ1965 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በዳኛ ስኬሊ ራይት ብዕር፣ አንደኛው ወገን እውነተኛ ምርጫ ያልነበረበትንና ሌላውን ያለ ልክ የሚጠቅመውን ውል ዳኛ ላያስፈጽመው ይችላል ብሎ መዝገቡን ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰው። በ1968 የብድርን እውነተኛ ወጪ መግለጽን የሚያስገድደው፣ በ1970 የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶችን የሚገዛው፣ በ1977 ደግሞ ዕዳ ሰብሳቢዎችን የሚገታው ሕግ ተከታትለው ወጡ። የመጨረሻው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊትና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ለባለዕዳ ስልክ መደወልን በመርሕ ደረጃ ይከለክላል።

እኔ የምደነቀው በሌላ አንቀጽ ነው። በአሜሪካ ልማድ ተከራካሪ ሁሉ የየራሱን ጠበቃ ይከፍላል፤ እነዚህ ሕጎች ግን ሸማቹ ከረታ የጠበቃውን አበል የተረታው ድርጅት ይከፍላል አሉ። የ1977ቱ ሕግ ለግለሰብ ከሳሽ ከደረሰበት ጉዳት በተጨማሪ የሚፈቅደው ካሳ ቢበዛ 1000 ዶላር ነው፤ ለዚህች ገንዘብ ሲል ማን ጠበቃ ቢሮውን ይከፍታል? ለባለዕዳው ደጁን ያስከፈተችው ያቺ የአበል አንቀጽ ናት። ጠበቆች በወዲያኛውም ወገን አልጠፉም፤ ሕጉ ሲወጣ ዕዳ የሚሰበስቡ ጠበቆችን አይነካም ነበር፤ ኮንግረስ ይህን ከለላ በ1986 አነሣው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1995 ሕጉ ችሎት ላይ የሚሟገቱትንም ጭምር እንደሚይዝ ወሰነ።

የማንነት ስርቆት ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ፤ እዚህ ላይ ባለዕዳው ፈጽሞ አልተበደረም። በ1998 ድርጊቱ የፌዴራል ወንጀል ሆነ፤ ሌባው ቢታሰርም ግን መዝገቡ አይጸዳም። በ2003 የወጣው ሕግ ተበዳዩ የስርቆቱን ሪፖርትና ተገቢውን ማስረጃ ካቀረበ መዝጋቢው በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ የሐሰት ዕዳውን እንዲያግድ አዘዘ። ጠበቃ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ መንገዱ ወጥመድ አለውና። ባንኩ ዘንድ ብቻ ሄዶ አቤት ያለ ሰው፣ ባንኩ የተሳሳተ መረጃ አስተላልፏል ብሎ በዚህ ሕግ መክሰስ አይችልም። ተቃውሞው መጀመሪያ ለመዝጋቢው መቅረብ፣ ከመዝጋቢውም ለባንኩ መድረስ አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው ወራቱን በስልክ ይጨርሳል።

በ2011 በካሊፎርኒያ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው፣ ትራንስዩኒየን የተባለው መዝጋቢ ስሙን መንግሥት ከሚከለክላቸው አሸባሪዎችና ወንጀለኞች ስም ጋር አመሳስሎት ተገኘ። ማመሳከሪያው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ብቻ ነበር። የአባታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የምንጽፍና ሞክሼያችን የበዛ እኛ ይህን ስንሰማ ልንደነግጥ ይገባናል። በዚያ ክስ 8185 ሰዎች ተካተው በ2017 በጁሪ ፊት ረቱ። በ2021 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ በክሱ ዘመን ሪፖርታቸው ለሦስተኛ ወገን ያልተላከባቸው 6332 ሰዎች ተጨባጭ ጉዳት አላሳዩም ብሎ ካሳ ነፈጋቸው። ከዚያ ወዲህ ጠበቃው የሸማቹን ጉዳይ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከመውሰዱ በፊት የሚጠይቀው መዝገቡ መሳሳቱን ብቻ አይደለም፤ የተሳሳተውን መዝገብ ማን እንዳየው፣ ያየውም ብድር ወይም ቤት ከልክሎ እንደሆነ፣ የክልከላውም ደብዳቤ በእጅ መኖሩን ነው።