ለገሃር፦ ባቡሩ ከሄደ በኋላ



ቤይሩት በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ማዳም በስልክ ስታወራ «ላ ጋር» የሚል ቃል ሰማሁ። የምታወራው ፓሪስ ከምትኖር እህቷ ጋር ነበር። የዚህ አገር ሰው ዐረብኛውን ከፈረንሳይኛ ጋር እየቀላቀለ እንደሚያወራ ታውቃላችሁ። ስልኩን ስትዘጋ «ማዳም፣ ላ ጋር ምንድን ነው?» አልኳት። «ባቡር ጣቢያ» አለችኝ። እኔ እኮ አራት ዓመት ለገሃር ኖሬያለሁ! ግን የፈረንጅ ቃል መሆኑን አላውቅም ነበር። እንደ ለገጣፎ፣ እንደ ለገዳዲ የወንዝ ስም ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሰፈሩ ያገኘሁትን ማንበብ፣ ለአክስቴም በደወልኩ ቁጥር መጠየቅ ጀመርኩ። ሰፈሩ አሁን እየተቀየረ ነው። ኮንትራታችንን ጨርሰን ስንገባ የምናገኘው ለገሃር የምናውቀው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ያወቅኩትን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ። ሐዲዱ ሐረር መግባት ነበረበት፣ ግን ተራራው አስቸገረና ታች ሜዳው ላይ ቀረ። የቆመበት ሜዳ ከተማ ሆነ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራው ተጓተተ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ግን በ1906 ዓ.ም. አርፈው ነበር። ፈቃዱን ሰጥተው ሃያ ዓመት ያህል ጠብቀው፣ ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ ሳያዩ ሄዱ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

አሁን የምናየው የጣቢያ ሕንፃ ያለቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ፊት ለፊቱ ያለው አንበሳ ደግሞ የቆመው ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ነው። ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ጣልያን መጣ። ንጉሡ በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። አንበሳውንም ጣልያን ነቅሎ ሮም ወሰደው። የት እንዳቆመው ታውቃላችሁ? እዚያም ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ላደረጓቸው ወታደሮቹ ባሠራው ሐውልት ሥር! ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ቦታው ገባ። እኔ ከሥሩ ታክሲ ስጠብቅ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። እሱም እንደኛ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ነው ለካ።

ይሄ የነገሥታቱ ታሪክ ነው። የሰፈሩን ታሪክ የነገረኝ ግን የአክስቴ ባል ነው፤ ነፍሱን ይማር። የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ዕቃ ጫኝ። እሱ እንደሚለው ባቡሩ ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ ይነሣ ነበር። ተሸካሚው፣ ጋሪ ነጂው፣ እንጀራ ሻጯ፣ አልጋ አከራዩ፣ ሁሉም ፉጨቱን ነው የሚጠብቀው። ከድሬዳዋ ጨርቅና ሸቀጥ የሚያመጡ ሴቶች ነበሩ። ፈታሽ እንዳያገኝባቸው ልብስ በልብስ ላይ ደርበው፣ ቀጭን ሆነው ሄደው ወፍረው ይመለሱ ነበር እያለ ያስቀን ነበር። ሳይስቅ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ የተገለበጠውን ባቡር። ከ400 ሰው በላይ አልቋል። እሱን ካነሣ በኋላ ዝም ይላል፣ እኛም አንጠይቀውም።

የባቡር ጣቢያ ሰፈር እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰው ከገጠር ይመጣል፣ ለአንድ ሌሊት ያርፋል፣ ሥራ ያገኛል፣ ይቀራል። ከዘመድ ቤት አንድ ጥግ ይዞ ይጀምራል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ሲወርስ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። አክስቴ የምትኖርበትም ከነዚያ አንዱ ነው። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። እኔ የ10ኛ ክፍል ፈተና እስክወስድ ድረስ እዚያ ደባል ነበርኩ። ማታ ማታ ከሁለት የአክስቴ ልጆች ጋር አንድ ፍራሽ ላይ እንተኛለን፤ ጠዋት በ11 ሰዓት አክስቴ ለአውቶቡስ ሹፌሮች የምትሸጠውን ሻይ ታፈላለች፣ እኔ አምባሻ እሸከማለሁ።

እኔ ስደርስ ባቡሩ የለም። አሮጌው መንገድ አርጅቶ፣ አዲስ አበባ ድረስ መምጣቱ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆሟል። እዚህ ማር ሚካኤል ያለውን ጣቢያ እሑድ እሑድ ስታልፉ አይታችሁት የለ? ሣሩ የዋጠውን? እንደዚያ ነው። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ዳር፣ በለቡና ፉሪ በኩል ሆነ። ለገሃር የቀረለት ከላይ የሚያልፈው የከተማው ቀላል ባቡር ብቻ ነው። የድሮው ጣቢያ ግቢ፣ መጋዘኑ፣ ሐዲዱ፣ ዙሪያው ያለው መንደር ግን መሀል ከተማ ነው። ባቡር የሌለበት፣ ከስታዲየም አጠገብ፣ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ያለ ሰፊ ቦታ። እንዲህ ያለ መሬት ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ኅዳር 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ የለገሃርን ፕሮጀክት አስጀመሩ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ሆኜ በስልኬ አየሁት። 36 ሄክታር፣ 50 ቢሊዮን ብር፣ ፎቅ፣ ሆቴል፣ መኖሪያ፣ ሱቅ። የሚሠራው ኢግል ሂልስ የሚባል የአቡ ዳቢ ኩባንያ ነው። አቡ ዳቢና ዱባይ የሠራችሁ እህቶች እንዲህ ያለውን ፎቅ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ መስታወቱን ወልውላችሁታል። እኔን ያስደሰተኝ ሌላ ነገር ነው። በቦታው የሚኖሩት 1,600 አባወራዎች ከከተማ ዳር ሳይጣሉ እዚያው ግቢው ውስጥ ቤት ይሠራላቸዋል ተባለ። በአዲስ አበባ መልሶ ማልማት ታሪክ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ከመሀል ከተማ የተነሣው ሰው ብዙው የሄደው ዳር ነው። ሥራው፣ ዕቁቡ፣ እድሩ መሀል ከተማ፣ እሱ ዳር።

ግን 1,600 ስባል የምጠይቀው አለኝ። ቁጥር የሚቆጠረው በወረቀት ነው። የቀበሌ ቤት ውል በስሙ ያለ ሰው ይቆጠራል፣ ባለ ካርታም ይቆጠራል። ደባል ግን ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። ከመንገድ ዳር ጀበና ይዛ የምትቀመጠውም፣ አልጋ በቀን የሚከራየውም እንደዚያው። ያ ሰፈር ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የቆመው በነሱ ነው። ቤት ቆጣሪዎች ሲመጡ አክስቴ «ቤይሩት ያለች ልጄንም ጻፏት፣ ተመልሳ የምትገባው እዚሁ ነው» ብላ ለምናለች። መዝጋቢው ልጅ ስቆ «እማማ፣ እዚህ ያለ ሰው ነው የሚጻፈው» አላት። ልጁ ልክ ነው፣ አልተቀየምኩትም። ግን ያን ቀን ማታ ዕቃ ሳጥብ አለቀስኩ። እዚህ ስሜ በማዳም ወረቀት ላይ ነው ያለው፣ እዚያም ከአክስቴ ወረቀት ላይ የለሁም። የአክስቴ ጉዳይ ገና በሂደት ላይ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እናንተን አደራ የምለው ይሄን ነው። ቤተሰባችሁ የቀበሌ ቤት ውስጥ ካለ፣ ውሉ በማን ስም እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ። አባት ሞቶ ውሉ በሱ ስም የቀረባቸው ብዙ ቤቶች አሉ፤ ቆጠራ ከመጣ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። የውሉን፣ የኪራይ ደረሰኙን፣ የመብራትና የውሃ ቢሉን ፎቶ አስልካችሁ በስልካችሁ ያዙ። ብር ልካችሁ በወንድም ስም ቤት ያሠራችሁ ደግሞ፣ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ምን እላለሁ! ውክልና ቆንስላው ይሠራል፣ ማኅበራችንም አብሮ የሚሄድ ሰው ያዘጋጃል።

ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ እዚያ ያደጋችሁ ከመካከላችን አላችሁ። ሰፈራችሁን ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። መጻፍ የሚከብዳችሁ እሑድ ስንገናኝ ንገሩኝ፣ እኔ እጽፍላችኋለሁ። የሱቁን ስም፣ የቧንቧውን ቦታ፣ ማን ከማን ቤት አጠገብ እንደነበረ ሳይቀር ንገሩኝ። የአክስቴ ባል የምድር ባቡር መታወቂያ አሁንም እሷ ጋ አለ፣ በፌስታል ጠቅልላ ከቤቱ ውል ጋር አንድ ላይ አስቀምጣዋለች።